ነፋስ ከጎን የሚሆነው መቼ ነው?

ሰማይ ላይ የጎን ነፋስ የለም። አንዲት ባለ አራት መቀመጫ ሴስና ከደቡብ ወሎዋ መካነ ሰላም ከተማ በላይ እየበረረች ሳለ ነፋሱ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ወደ ዓባይ ሸለቆ ቢነፍስ፣ እስካልተናጠና እስካልተቆራረጠ ድረስ አውሮፕላኗ አታውቀውም። ክንፏ የሚያውቀው በላዩና በሥሩ የሚያልፈውን አየር ብቻ ነው፤ ያ አየር ራሱ በምድር ላይ መንገደኛ መሆኑ ለክንፉ ጉዳዩ አይደለም። ተሳፋሪው መስኮቱን ቢጋርድ ነፋስ መኖሩን የሚነግረው አንዳች ነገር አያገኝም። የፊት፣ የኋላ፣ የጎን የሚባሉት የነፋስ ስሞች የሚወለዱት ከታች ነው፤ አንድ ሰው መሬት ላይ መስመር አስምሮ «እዚህ ላይ፣ በዚህ አቅጣጫ አርፋለሁ» ያለ ጊዜ።

ስለ ቀላል አውሮፕላኖች የማረፊያ አደጋ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የነፋሱ ጉልበት ወይም የአብራሪው ስሕተት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መስመሩ ነው። ነፋሱና አብራሪው ሲካሰሱ የመስመሩ ስም ሳይነሣ ይቀራል።

የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ ያየ ሰው እዚያ መስመር ማስመር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በስተምዕራብ ምድሩ በድንገት ይቋረጥና ዓባይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ዘልቆ ይገኛል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በስተሰሜን በሽሎ የራሱን ገደል ምሶ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ሳይንት፣ ለጋምቦ፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ሁሉም መሐላቸው ሜዳ፣ ዳራቸው ገደል የሆኑ አገሮች ናቸው። አምባ ፈሪት ደግሞ ወደ 4000 ሜትር ተጠግቶ ከሁሉም በላይ ቆሟል። ተድባበ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና የአባ ጊዮርጊስ ጋስጫ ገዳም በዚሁ ወገን ናቸው፤ መናኝ ይህን ምድር የመረጠበት ምክንያትና የአውሮፕላን ሜዳ ቀያሽ የሚማረርበት ምክንያት አንድ ነው።

መካነ ሰላም በዓለም የአውሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ ውስጥ ኤም ኬ ኤስ የሚል ባለ ሦስት ፊደል መለያ አላት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይዞት የተነሣው አውሮፕላን የዲሲ-3 ወታደራዊ ወንድም የሆነው ሲ-47 ነበር። እነዚያ አውሮፕላኖች ለብዙ አሥርት ዓመታት መኪና በቀላሉ ወደማይደርስባቸው ከተሞች ሰውና ዕቃ ሲያመላልሱ ኖረዋል። የሚያርፉት ብዙውን ጊዜ ሣር ወይም ጠጠር ላይ ነበር። በደጋ አገር እንዲህ ያለ ሜዳ አቅጣጫውን የሚያገኘው ከምድሩ ነው፤ ሸንተረሩ ወደሚረዝምበት ይረዝማል፣ ገደሉ በሚጀምርበት ያልቃል። ነፋስ የሚጠየቀው፣ ከተጠየቀም፣ በመጨረሻ ነው።

ነፋሱ ግን የራሱ ሥርዓት አለው። በበጋ ጧት ደጋው ጸጥ ይላል። ፀሐይ የሸለቆውን ግድግዳ ስታሞቅ አየሩ ይቀልና ገደሉን ተከትሎ ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ ከጫፉ ወጥቶ ሜዳው ላይ ይፈስሳል። ሌሊት ደግሞ ቀዝቅዞና ከብዶ ወደ መጣበት ይወርዳል። በዚህ ላይ የወቅቱ ትልቅ ነፋስ አለ፤ በበጋ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ፣ በክረምት ከደቡብ ምዕራብ። ሁለቱ ገደል ጫፍ ላይ ሲገናኙ አየሩ ይጠማዘዛል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር የሚበር ሰው በማለዳ ገብቶ በማለዳ መውጣትን ይመርጣል። ከሰዓት በኋላ የደረሰ ግን ምሰሶው ላይ የተሰቀለው የነፋስ ጠቋሚ ጨርቅ ወደ ጎን ተወጥሮ ይጠብቀዋል።

አሁን አብራሪው ምን እንደሚያደርግ እንይ፤ የጉዳዩ ሥር እዚህ ነውና። ነፋሱ ከቀኝ ከመጣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ጉዞው ግን በመስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀጥላል። ከመሬት ሆኖ የሚያይ ሰው አውሮፕላኑ ገደድ ብሎ፣ ወደማይሄድበት እያየ ሲመጣ ይታዘባል። አብራሪዎች ይህን ክራብ ይሉታል። አየር ላይ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ትክክለኛው አካሄድ እሱ ነው። ጎማ ግን ወደ ፊት ከመንከባለል በቀር ሌላ አያውቅም። አፍንጫው ወደ አንድ ወገን፣ ጉዞው ወደ ሌላ ወገን ሆኖ መሬት ከነካ ጎማው በጎኑ ይፋተጋል፤ ይፈነዳል፣ እግሩ ይሰበራል፣ ወይም አውሮፕላኑ ከመስመሩ ይወጣል። ስለዚህ ከመንካቱ ጥቂት ሴኮንዶች በፊት አብራሪው በእግሩ ፔዳሉን ገፍቶ አፍንጫውን ያቀናል። ሲያቀና ደግሞ ነፋሱ መላ አካሉን ወደ ጎን መግፋት ይጀምራል፤ ይህንን ለመቋቋም በነፋሱ ወገን ያለውን ክንፍ ዝቅ ያደርጋል። እንዲህ አጋድሎ ሲወርድ መጀመሪያ መሬት የሚነካው አንድ ጎማ ብቻ ነው። ለተሳፋሪ የማያምር፣ ለባለ ሙያ ግን የሚያምር ማረፍ ይህ ነው።

የምንመለከትበት፣ የምንሄድበትና የምንቆምበት አቅጣጫ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆን ይችላሉ። አየር ላይ ሦስቱን ለያይቶ መያዝ ጥበብ ነው። መሬት ሦስቱ አንድ ካልሆኑ አትቀበልም፤ የምትሰጠውም ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። ሰው በሐሳቡ እንዳሻው ሊያጋድል ይችላል። ቃል ከሰጠ፣ አንድ አገር፣ አንድ ሥራ፣ አንድ ሰው ላይ አርፋለሁ ካለ በኋላ ግን ትናንት ያልነበረ ነፋስ ከጎኑ ይመጣበታል። ያ ነፋስ ድሮም ይነፍስ ነበር፤ ጎን እንዲኖረው ያደረገው ቃሉ ነው።

የዚህ አደጋ አስገራሚ ጠባይ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ጎማው መሬት ከነካ በኋላ መሆኑ ነው። አብራሪው «አረፍኩ» ብሎ ሲተነፍስ እጁና እግሩ ይላላሉ። በዚያው ቅጽበት ፍጥነት እየቀነሰ ነው፤ ፍጥነት ሲቀንስ አቅጣጫ የሚያስይዘው የጭራ መሪ የሚገፋው አየር ያጣል። የነፋሱ ጉልበት ግን አልቀነሰም፤ ቀጥ ብሎ የቆመውን ጭራ ይገፋል፣ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞራል። ዲሲ-3ን በመሰሉ የኋላ ጎማቸው ጭራ ሥር በሆነ አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ክብደታቸው ከዋና ጎማዎቹ ኋላ ስላለ አንዴ መዞር ከጀመሩ መዞሩ ራሱን እያባሰ ይሄዳል፤ ካልተያዘ አውሮፕላኑ በራሱ ዙሪያ ተሽከርክሮ ክንፉ መሬት ይፈትጋል። አሠልጣኞች አውሮፕላኑ ቆሞ እስኪታሰር ድረስ መብረር አታቁሙ የሚሉት ለዚህ ነው።

አደጋው ሰው እምብዛም የሚሞትበት አይደለም። በዓለም ዙሪያ ቀላል አውሮፕላኖች ከየትኛውም የበረራ ክፍል ይልቅ በማረፍ ላይ ይጎዳሉ፤ የሚቀጥፈው ነፍስ ግን ጥቂት ነው። የታጠፈ ክንፍ፣ የተሰበረ እግር፣ የተጣመመ ፕሮፔለር፣ ከመስመሩ ውጪ አቧራ ውስጥ የቆመ አውሮፕላን። አብራሪው በሩን ከፍቶ በእግሩ ይወርዳል። ታሪክ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን አይመዘግብም፣ ዘፈን አይወጣለትም። ትንሽ ውርደት ያለበት አደጋ ነው፤ በዚህም ምክንያት ይመስለኛል በቅጡ ያልታሰበበት።

ከፍታው የሚጨምረው ነገር አለ፤ ሰዎች ከሚገምቱት ግን የተለየ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው 60 ኖት (የአብራሪዎች የፍጥነት አሃድ) ሲያሳይ ሞቅ ባለ ቀን በ2600 ሜትር ከፍታ እውነተኛው ፍጥነት 70 ገደማ ነው፤ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ተሸክሞት የሚመጣው ጉልበትም ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ወደ አርባ በመቶ ይበልጣል። ይህ ይከፋል። ነገር ግን አሥር ኖት የጎን ነፋስ ለ60 ኖት ፍጥነት ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ያህል አፍንጫን ማዞር ሲጠይቅ፣ ለ70 ኖት ስምንት ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። አየር ላይ ሳለ ደጋው ትንሽ ይራራል ማለት ነው። ዕዳውን የሚያስከፍለው መሬት ላይ ነው፤ አውሮፕላኑ ለመቆም ረጅም ርቀት ይንከባለላል፣ ረጅም ርቀት ማለት ከነፋሱ ጋር ረጅም ጊዜ ማለት ነው።

የአብራሪ መጽሐፍ ላይ የምትገኝ አንዲት ቁጥር አለች። ለሴስና 172 የተጻፈው 15 ኖት የጎን ነፋስ ነው። ብዙ ሰው የአውሮፕላኑ ወሰን አድርጎ ያነበዋል፤ ወሰን አይደለም። ፋብሪካው አውሮፕላኑን ሲያስመረምር የሙከራ አብራሪው በዚያ ነፋስ አርፎ አሳይቷል ማለት ነው። በምርመራው ጊዜ ሕጉ የጠየቀው አውሮፕላኑ ቢያንስ ከመውደቂያ ፍጥነቱ አንድ አምስተኛ የሚሆን የጎን ነፋስ እንዲቋቋም ብቻ ነበር። ስለዚህ ቁጥሯ ስለ አንድ የሠለጠነ ሰው፣ ስለ አንድ አዲስ አውሮፕላን፣ ስለ አንድ ቀን ትመሰክራለች። ሌላው ሰው በሌላ ቀን፣ በጠጠር ሜዳ ላይ፣ ደክሞት ሲመጣ ቁጥሯን ይዞ ይከራከራል። የሌላውን ሰው ልክ የራሳችን ልክ አድርገን የምንይዝበት ነገር አውሮፕላን ብቻ ቢሆን ምንኛ በታደልን!

መስመሩ ሁልጊዜ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ሰፊ የሣር ሜዳዎች ነበሩ፤ አብራሪው ጨርቁን ወይም ጢሱን አይቶ በየትኛውም አቅጣጫ ከነፋሱ ፊት ለፊት ያርፋል። የፈረንሳዩ አንድሬ ማዬ ንስረ ተፈሪ የተባለችውን ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ከጅቡቲ አምጥቶ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲያሳርፍ የአቪዬሽን ዓለም በአብዛኛው ገና የሜዳ ዓለም ነበር። አውሮፕላኖች ሲከብዱ ሣር አልችል አለ፤ አስፋልት መጣ፤ አስፋልት ውድ ስለሆነ ጠበበ፤ ሲጠብ አቅጣጫ ያዘ። የጎን ነፋስ እንደ ሙያዊ ችግር የገነነው ያን ጊዜ ነው። መሐንዲሶች ደግሞ ጎማውን ለማባበል ሞከሩ። ሴስና 195 በምርጫ የሚገጠምላት፣ ወደ ጎን የሚዞር እግር ነበራት። የአሜሪካው ቦምብ ጣይ ቢ-52 ዛሬም ጎማዎቹን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ 20 ዲግሪ አዙሮ አፍንጫው ወደ ሌላ እያየ ያርፋል። ለትናንሾቹ ግን ብልሃቱ አልበረከተም፤ የአብራሪ እግር ከመካኒክ ብልሃት ረከሰ።

ወሎ አውሮፕላንን ያወቀው እንዴት ነበር የሚለው ጥያቄ ወደዚህ ሐሳብ ይመልሰኛል። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ፣ ከወሎ ድንበር ብዙ በማይርቅ የበጌምድር ደጋ፣ ራስ ጉግሣ ወሌ በወደቁበት ውጊያ አውሮፕላን በራሪ ወረቀትና ቦምብ ጥሎ ሄደ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ አነደዱ፤ እነሱም አላረፉም። ለማያርፍ አውሮፕላን የጎን ነፋስ ከጥቂት የሒሳብ ማስተካከያ አያልፍም። ደሴ ላይ የወደቀው ቦምብ ጥቂት ሜትር ወደ ጎን ቢስት የሚሞተው ሰው ይለወጣል እንጂ አብራሪው ላይ የሚደርስ ነገር የለም።

ምሕረትም አንዳንዴ ሳያርፍ መጥቷል። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የቀይ መስቀል አብራሪ ሆኖ ኢትዮጵያን ያወቀ ሰው ነው፤ ከ1966 ዓ.ም. ረኀብ በኋላ ተመልሶ በትናንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር እህል እያንጠለጠለ ዝቅ ብሎ እየበረረ ይጥል ነበር። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በተከፈተ ጥቃት የተገደለው ግን መሬት ላይ ሳለ ነው። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ የጭነት አውሮፕላኖች መኪና በማይደርስባቸው ደጋዎች ላይ እህሉን ያለ ጃንጥላ፣ በድርብ ጆንያ፣ ከመሬት 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው አፈሰሱት። ያን ያህል ዝቅ ያሉት ጆንያው እንዳይበተንና ነፋሱ ከእህሉ ላይ ድርሻ እንዳያገኝ ነው። የሚጣልም ነገር መሬት ላይ ዒላማ እስካለው ድረስ የጎን ነፋስ አለበት። ልዩነቱ አደጋውን ማን ይሸከማል የሚለው ነው። የሚጥለው ሰው የሚያጣው ጆንያ ነው፤ የሚያርፈው ሰው ግን ራሱን ያስይዛል። ታማሚ ጭኖ መውጣት፣ አስተማሪ ማድረስ፣ ፖስታ መቀበል የሚቻለው ደግሞ በማረፍ ብቻ ነው።

የሚያርፍ ሰው አንድ መውጫ አለው፤ አለማረፍ። ነገሩ ካላማረው ሞተሩን ሙሉ ከፍቶ እንደገና መውጣት፣ ዞሮ መሞከር ወይም ወደ ኮምቦልቻ መሄድ ይችላል። ይህ በማንኛውም የበረራ ትምህርት ቤት የሚሰጥ፣ ማንም የማያፍርበት ውሳኔ ነው፤ በወረቀት ላይ። ሜዳው ዳር ከማለዳ ጀምሮ ሰው ቆሟል፣ ቃሬዛ ላይ የተኛ አለ፣ ከብቱ ተባርሮ ሜዳው ጸድቷል። ያን ሁሉ አልፎ መውጣት ሰውን የማስቀየም ያህል ይከብዳል። ደጋው ደግሞ ለዘገየ ውሳኔ አይመችም፤ አየር በግፊት ካልተጨመረለት በቀር ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ የሚያገኘው ጉልበት በባሕር ጠለል ካለው ከሦስት አራተኛ ብዙም አይበልጥም። ልመለስ የሚለው ሐሳብ ገና ከሩቅ፣ የሰዎቹ ፊት ሳይታይ መታሰብ አለበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ አብራሪው የሚለቅምበት ጊዜ አይሰጠውም።

ከአደጋው በኋላ ዘገባ ይጻፋል። የዘገባው ዓረፍተ ነገር በየትም አገር ይመሳሰላል፤ አብራሪው በጎን ነፋስ ውስጥ የአውሮፕላኑን አቅጣጫ መቆጣጠር ተሳነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነትን ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት፤ በዚያው ስምምነት ሥር የወጣው 13ኛው አባሪ የምርመራ ዓላማ ሌላ አደጋ መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም ይላል። መልካም ሕግ ነው። ቢሆንም ሰው ከሁለት አንዱን ይወዳል፤ ወይ የአርባ ቀን ዕድሉ ነው ብሎ ይዘጋዋል፣ ወይ ጥፋተኛውን በስሙ ይጠራል። ሁለቱም መስመሩን ማን እንዳሰመረው ከመጠየቅ ያድናሉ።

መስመር የሚያሰምሩትም ሕግ አላቸው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 14ኛው አባሪ የማረፊያ ሜዳ አቅጣጫ ሲመረጥ ቢያንስ ከጊዜው 95 በመቶውን አውሮፕላኖች ሊጠቀሙበት እንዲችሉ ይመክራል፤ ለአጫጭር ሜዳዎች የተቀመጠው የጎን ነፋስ ልክ 10 ኖት ነው። ቀሪው አምስት በመቶ ለነፋስ የተለቀቀ ነው፤ በዓመት ሲታሰብ 18 ቀን ገደማ። ይህ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ሐቀኛ ነው፣ በእነዚያ ቀናት አትምጡ ይላል። ስሌቱ የሚሠራበት መዝገብ ደግሞ ቢቻል ከአምስት ዓመት ያላነሰ፣ በቀን ቢያንስ ስምንት ጊዜ የተለካ ነፋስ መሆን አለበት።

በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለው የቦረና ወረዳ ገበሬ አውድማውን የሚጠርገው ነፋስ በሚመላለስበት ከፍታ ላይ ነው፤ ክብ አድርጎ። በሬዎቹ አበራይተው ሲጨርሱ ነፋሱ ሲነሣ ይጠብቅና በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ያዘራል፤ እብቁ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፍሬው ከሥሩ ይወድቃል። ነፋሱ አቅጣጫ ቢለውጥ እሱም ዞሮ ይቆማል፤ አውድማው መስመር የለውም። በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት፣ ከየት በኩል እንደሚነፍስ አያት ለልጅ ልጅ ያስተላለፈው ዕውቀት በየቀበሌው አለ። የቀያሹን የአምስት ዓመት መለኪያ አይተካም፤ ቁጥር የለውምና። ግን መለኪያው የት ይተከል ለሚለው የመጀመሪያ መልስ መሆን ይችላል፤ ለመጠየቅም ግማሽ ቀን ይበቃል።

ችግሩ በዚህ አገር የአውሮፕላን ሜዳ በእርጋታ የሚጠየቅ ነገር አለመሆኑ ነው። የሚጠየቀው ረኀብ ሲገባ፣ ጦርነት ሲነሣ ወይም ባለሥልጣን ሊመጣ ሲል ነው፤ ሁልጊዜም በሳምንታት ውስጥ። እህል ለማውረድ ሜዳ የሚጠርግ ሰው አምስት ዓመት ነፋስ ለክቶ አይጀምርም፤ መጀመርም የለበትም። ዛሬ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ የሚሄደው ሰው በአቀስታ በኩል በመኪና ይሄዳል፤ ወደ ጎጃምም ዓባይን በድልድይ ተሻግሮ በመርጡለ ማርያም በኩል የሚወስድ መንገድ ተሠርቷል። ሜዳው አሁን አልተቸኮለበትም። የነፋስ መለኪያ ተክሎ በቀን ስምንት ጊዜ የሚያነብ አንድ የሜትሮሎጂ ሠራተኛ መመደብ የሚቻለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ በጀቱ ግን የሚለቀቀው በዚያኛው፣ በችኮላው ጊዜ ነው።